የእጅ ፍሬን

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ከባሕር ዳር ወጣን፤
አሥራ ሁለት ወንበር፣ አሥራ ስድስት ሰው ጫንን።
ኮድ ሦስት አባዱላ፣ ዕድሜዋን አትጠይቅ፣
ዳገት ገና ሳታይ ቀድማ የምትጨነቅ።

መራዊ ላይ ነጋ። ዱርቤቴን ስናልፍ
አንዱ «ቁም!» አለና ሮጠ ወደ ጫካው ጠርፍ።
ዳንግላ ላይ ደግሞ አንዲት ወይዘሮ
ማዳበሪያ ድንች አስገባች፤ «እስክንመለስ ይወደዳል ኑሮ!»
ጉልበታችን ከአገጫችን ጋር ሲማከር
አዲስ ቅዳም ደረስን።

እዚያ የከሰል ጭስ መንገዱን ይዞታል፤
ዲከረንሱ ተቆርጦ፣ አፈር ለብሶ፣ ታፍኖ ያጤሳል።
መብራት አበራሁ። ፀሐይዋ በጭሱ መሐል
ያልበሰለ አስኳል።

ጉዱ የጀመረው ከኮሶበር ወዲያ ነው።
የፈረሱ በዓል ትናንት ነበር፤ ዛሬ
የትናንቱ ሰው ሁሉ «ዘንገናን ሳላይ?» ብሎ
ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ቅጥቅጡ፣
አበባ የለጠፈው የሠርግ ቪትዝ ሳይቀር
አስፋልቱ ላይ ተገትሮ።
በእግር አንድ ሰዓት የሚሆን መንገድ
በመኪና ሁለት ፈጀንበት።
አንድ በቅሎ በቀኛችን አለፈች፣
ዞር ብላም አላየችን።
ባለቤቷ ግን አየን፤
«ልግፋላችሁ?» አለን።

በሩ ላይ ትርንጎ ቆማለች፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሳ፣
ካርኒው በእጇ፣ ፊሽካው በከንፈሯ።
«ወደ ኋላ! ጠምዝዝ! ልቀቅ! ና! ና! ና! በቃ!»
«በቃ» የምትለው ሁልጊዜ
መከላከያዬ ከዛፉ ጋር ከተሳሳመ በኋላ ነው።
«ሃምሳ ብር።»
«የአምናው እጥፍ!»
«ሳሩም አድጓል» አለች፣ ሳትስቅ።

የቀረው ቦታ ዳገቱ ብቻ ነው።
የእጅ ፍሬኔ ደግሞ ከሞተ ቆየ፤ ተዝካሩም ወጥቷል።
ረዳቴ አንዳርጌ ድንጋይ ፍለጋ ዞረ፣ ዞረ፣
ባዶ እጁን መጣ።
ድንጋይ ሁሉ ሥራ ይዟል ዛሬ፣
በየጎማው ሥር ተቀጥሯል።
ተሳፋሪው ወረደ። ሳቁ በዛፎቹ መሐል
ወደ ውኃው ቁልቁል ሄደ።
እኔ እግሬን ፍሬኑ ላይ እንደ ጫንኩ ቀረሁ።

ሰው ይጠይቀኛል፦ «ዘንገናስ እንዴት ነው?»
«ክብ ነው» እላለሁ። ሰምቼ ነው።
«ጥልቅ ነው» እላለሁ። እሱንም ሰምቼ።
ስምንት ዓመት ሰው ሳመላልስ
የማውቀው አጥሩን ነው፣ ከፊቴ የቆመውን ታርጋ፣
ሰው ከውኃ ሲመለስ ይዞት የሚመጣውን ፊት።
ያን ፊት ግን በደንብ አውቀዋለሁ፦
ሲሄድ በሒሳብ የተጨቃጨቀኝ
ሲመለስ ምንም ሳይል ሙዝ ይሰጠኛል።

መስኮቴ ተንኳኳ።
«አንተ ሰውዬ፣ አትወርድም?»
«ፍሬን የለኝም።»
«እኔስ እግር የለኝም?»
በሩን ከፈተች፣ ገፋ አደረገችኝ፣
እግሯን በእግሬ ላይ፣ ከዚያ በፔዳሉ ላይ አሳረፈች፤
ፊሽካውን ሳታወጣ፣ በጥርሷ መሐል፣
«ሂድ» አለች።

ወረድኩ። እንደ ልጅ ተንሸራተትኩ።
የገዛ ተሳፋሪዎቼ አላወቁኝም፣
ቆሜ አይተውኝ አያውቁማ።
ስለ ውኃው ምን ልበል?
ሽቅብ የሚያይ ነገር ነው።
ክብ መሆኑን እንኳ አላረጋገጥኩም፤
አንዱን ዳር ብቻ አየሁ፣ እሱም በቃኝ፣
ጆሮዬ ላይ ነበር፣ ዳገቱ ላይ።
ከዳሩ አንድ ጥቁር ድንጋይ፣ ሥራ ፈት፣ እርጥብ፣
አቅፌ ወጣሁ።

ጎማው ሥር ሸጎጥኩት። ያዘ።
ትርንጎ እግሯን አነሣች፣ ቁርጭምጭሚቷን አሸች።
«ዛሬ ቀለሙ ምን ይመስላል?»
ያኔ ገባኝ።
«ፊሽካውን አምጪ» አልኳት።
«አራት ዓመት ሙሉ፣ እዚህ ቆሜ…»
«አምጪ።»

ሄደች፤ ሰደርያዋ በቅጠሉ መሐል ቢጫ፣ ቢጫ፣ ከዚያ የለም።
ከፊቴ አሥራ አራት መኪና ጡሩምባ ይነፋል።
ፊሽካው ገና ሙቅ ነው።
«ወደ ኋላ!» አልኩ፤ «ጠምዝዝ! ና! ና!»
ያቺ የምትቀረው አንድ ቃል፣
መቼ እንደምትባል ሳስብ፣ ሳስብ፣
የሠርጉ ቪትዝ ከነአበባው
ዛፉን ሳመ።