ያልታሰበ ወጪ

ሠላሳ አንድ ዓመት በመኪና ፋብሪካ
የሌላውን ገንዘብ ስመዝን ስለካ፣
አንዲት ሳንቲም እንኳ
ከእጄ ሾልካ ወድቃ ጠፍታብኝ አታውቅም።
የገዛ ጣራዬ ማፍሰስ ሲጀምር ግን
ስንት እንደሚፈጀኝ መገመት አልችልም።

ኩታይሲ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ከሪዮኒ ወንዝ ማዶ ተንደርድሮ መጥቶ
በረንዳዬን ያውቃል፣ ደረጃዬን ያውቃል፣
ሳያንኳኳ ይገባል።
ባልዲ ደቀንኩለት። ድስት ደቀንኩለት።
በመጨረሻ ግን ደብተር ዘረጋሁለት።

መስመር አሰመርኩኝ፣ ለሁለት ከፈልኩት፤
ቀኙን «ገቢ» ብዬ፣ ግራውን «ወጪ» አልኩት።
ከገቢው በኩል
መድኃኒት ተገዝቶ ለዳቦ የማይተርፍ የጡረታ አበሌ፤
ከዚያ በታች ደግሞ፣ በየወሩ የምትልክ
ማኽቫላ፣ ልጄ፣
ጣልያን አገር፣ ባሪ፣ የሰው እናት የምታጥብ የምታጎርስ፣
ከማትዛመዳት አሮጊት አልጋ ሥር የምታድር።
እስክሪብቶዬ ቆመ።
ከቤቴ የወጣች፣
ወጥታም የቀረች፣
እንዴት ሆኖ ስሟ ከገቢ ተጻፈ?
ይህን ስህተት ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆን
ደሞዙን በቀጣሁ።

«እማ፣ መታጠቢያ ቤቱ በነጭ ሴራሚክ ይሁን፤
ወጥ ቤቱን አስፊው፣ ስመጣ አብረን እንድናበስል»
ትለኛለች በስልክ።
«ስመጣ»ን በየትኛው ረድፍ ልጻፈው?
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ተሰብሳቢ ሒሳብ» እያልኩ
ከገጽ ወደ ገጽ አዞርኩት።

ሦስት ሰው አስጠራሁ፣ ግምት እንዲሰጡኝ።
የመጀመሪያው ሲጋራውን ሳይጥል፣ ከደጃፍ ሳያልፍ፣
ቤቱን በዓይኑ ለካ፤
እኔን በዓይኑ ለካኝ፤
ዋጋ ጠራ። ግምቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አልነበረም።
ሁለተኛው ወጣት፣ ቀይ ብርሃን የሚተፋ መለኪያ ይዞ
ግድግዳዬን ሁሉ በነጠብጣብ ወጋው፤
አራት ገጽ ላከልኝ፣
ቁጥሩ ያማረ፣ ድምሩ የተሳሳተ።
አርሜ መለስኩለት። ከዚያ ወዲያ አልደወለም።

ሦስተኛው ቫርላም፣
ሁለት ሰዓት አርፍዶ፣
ጭቃ ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ በቀዳዳ ካልሲ ገብቶ፣
ምሰሶውን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገና
የታመመ ሰው ደረት እንደሚያደምጥ ጆሮውን ለጠፈ።
«እንጨቱስ ደህና ነው። በሽታው ውሃው ነው።
ከላይ ነው የሚጀመር። ሴራሚኩ ይቆየን።»
ከዚያ ጠየቀኝ፦
«ቤቱ ለስንት ሰው ነው?»

ዝም አልኩ።
ለዚህ ጥያቄ ዓምድ አላበጀሁም።

እሱም እንዳልጠየቀ፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ አውርዶ ጻፈ፦
ቆርቆሮ። ማገር። ሚስማር። አሸንዳ። የሁለት ሰው የቀን ሥራ።
ሲሦው በቅድሚያ፤ ሲሦው ጣራው ሲዘጋ፤
ቀሪው ዝናብ ዘንቦ ወለሉ ደርቆ ሲታይ።
«ከመቶ አሥራ አምስት ደግሞ ለብቻ አስቀምጪ፤
አሮጌ ቤት መቼም አያጣም ያልታሰበ ወጪ።»

ያልታሰበ ወጪ!
ሳቄ አመለጠኝ። ሰውዬው ደነገጠ።
ባሌ ጉራም፣ «ለአንድ ሳምንት» ብሎ ባቱሚ የሄደው፤
ልጄ፣ ባንድ ሻንጣ፣ በሌሊት አውቶቡስ።
ቫርላም ሆይ፣ ከዚህ ቤት
ታስቦበት የወጣ መች ኖሮ ያውቅና?

ማታ ብቻዬን ደብተሩን ገለጥኩት።
ሰፊውን ወጥ ቤት ሰረዝኩ።
ነጩን ሴራሚክ እስከ ግድግዳው ወገብ አወረድኩ።
ጣራው ይቅደም። ደረጃው መደገፊያ ያግኝ፤
ጉልበቴን የሚጠግን ባለሙያ የለምና።
ከመቶ አሥራ አምስቱን ቆጥሬ፣ በፖስታ አሽጌ፣
ከዱቄቱ ቆርቆሮ ጀርባ ሸሸግኩት።

ጣራው ሲከፈት የበሰበሰ ማገር ካልወጣ፣
ቤቱም የደበቀውን ሌላ ጉድ ካላመጣ፣
ይህ ገንዘብ ከባሪ ወዲህ የአውሮፕላን ትኬት ነው፤
መሄጃ የለውም፣ መምጫ ብቻ።
አልነገርኳትም። በጀቱ ገና አልጸደቀም።

ሰኞ ቆርቆሮው ሲነቀል
ከመኝታ ቤቴ ሰማይ ታየ።
«ማገሩ እንዴት ነው?» አልኩ፣ መሰላሉን ጨብጬ።
ቫርላም አልመለሰም።
አንኳኳ።
ጆሮውን ለጠፈ።
እኔም ከታች፣ ትንፋሼን ይዤ፣
አብሬው አደመጥኩ።