አሥራ አንድ ክንድ

ኅዳር ሲጋመስ ነው የሚመጡት፣ ጫማቸው በረዶ ቋጥሮ፣
በመስኮቴ ፊት ይሰለፋሉ፣ ሁሉም ፊቱን አኮሳትሮ።
የጣሪያና ግድግዳ ግብር ነው፤ ማን ስቆ ከፍሎት ያውቃል?
ካርኒ እቆርጣለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ፣ ቀጣዩ ሰው ይጠጋል።

ኦርቪል ፔልቲየር ግን አይቸኩልም።
ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣
እንጨት መሰንጠቂያው ከተዘጋ ወዲህ ደመወዝም የለው፤
ያለው ከድልድዩ ማዶ አንድ ጎጆ ነው፣ ጭስ ማውጫው የተንጋደደ፣
በሜይን ክረምት ሠላሳ ዓመት ከነፋስ ጋር የለመደ።

"ማርጎ" አለኝ አንድ ዓመት፣ ከትምባሆ ቆርቆሮው ዶላር ቆጥሮ፣
"ይሄ ሁሉ የት ይገባል? ንገሪኝ እስቲ ዘንድሮ።
ትምህርት ቤት አትበይኝ፣ የምልከው ልጅ የለኝ፤
ቤተ መጻሕፍት አትበይኝ፣ ዐይኔ ፊደል አይለይልኝ።
የራሴን ነው የምጠይቅሽ፣ የራሴን ገንዘብ፣ ድርሻ፤
የቱ ጋ ነው የሚጀምረው? የቱ ጋ ነው መጨረሻ?"

ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከኋላው ሰው አጉረመረመ።
ይሁን ብዬ እርሳስ አነሣሁ፣
በጀቱን ከግድግዳው አወረድኩ፣
ደመርኩ፣ አካፈልኩ፣
ከካርኒው ጀርባ ጻፍኩ፦

አሥራ አንድ ክንድ ጠጠር፣ ከሜፕሉ ዛፍ እስከ ወንዙ አፋፍ።
የበረዶ ጠራጊው መኪና የግማሽ ሰዓት ነዳጅ።
ለእሳት አደጋ ሠራተኛ አንድ ጓንት፣ የግራ።
ከሁለተኛ ክፍል መስኮት አንድ መስታወት።
የድልድዩ አምፖል፣ እስከ መጋቢት።

አነበበው። አጠፈው። ባርኔጣው ውስጥ ከተተው።
እኔ እንደ ቀልድ ነበር፤ እሱ እንደ ርስት ወሰደው።

ከዚያ ወዲህ ሰዉ ሁሉ ያየው ጀመር፣
አሥራ አንድ ክንዱ ላይ ቆሞ፣ በእግሩ ሲደለድል ጠጠር።
የግንድ መኪና ሲያልፍ ከዘራውን ያነሣል፤
"ቀስ! የሰው ንብረት ነው!" ሾፌሩ ይስቃል።
ማታ ድልድዩ ጋ ይወርዳል፤ ላሟ በረት መግባቷን እንደሚያይ ሰው፣
አምፖሉ በርቶ ካላየ እንቅልፍ አይወስደው።

መጋቢት ላይ አዳራሹ ሞላ።
ጠራጊውን የሚነዳው ዱዌይን ክሮስቢ ተነሣ፦
"አሥራ ዘጠኝ ልጆች! ለአሥራ ዘጠኝ ልጆች ማሞቂያ?
ይዘጋ ትምህርት ቤቱ፣ ግብራችን ይቀነስ በቃ!"
ጭብጨባው ሳያበቃ ኦርቪል ቆመ።
"መስታወቴስ?" አለ።
ሌላ ቃል አልጨመረም።
አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።
ትምህርት ቤቱ በሁለት ድምፅ ተረፈ፤
አንዱ የሱ ነው፣ ሌላው የማን እንደሆነ አልናገርም።

ደግ ደጉን ብቻ ባወራ ግን እዋሻለሁ።
የከተማ ሰዎች ሐይቁ ዳር መጡ፤ ያልታሰበ ዋጋ ከፈሉ።
ገማቹ ዞሮ ጻፈ፤ የኦርቪልም ጎጆ ተወደደ፣
አንድ ምስማር ሳይጨመርበት።
"ቤቴ ሀብታም ሆነ አሉኝ፣ ማርጎ፤
ምነው ለኔ አልነገረኝ?"

ያን ኅዳር ቆርቆሮው ጎደለ። የሚቀጥለውም ጎደለ።
ሕጉ ግልጽ ነው። እግዱን የጻፍኩት በዚህ እጄ ነው፣
ጠጠር ባካፈልኩበት።

በጥር፣ እኩለ ሌሊት፣ ደረቱን ይዞት ደወለ።
ጠራጊው ፊት ፊት፣ አምቡላንሱ ተከተለ።
ዱዌይን ኋላ ነገረኝ፣ ዐይኑን ከኔ እያሸሸ፦
"ሜፕሉ ጋ ስደርስ ምላጩን ዝቅ አደረግሁ፤
ያ ሽማግሌ ቢያይ ይቆጣል ብዬ።"

በሕይወት ደረሰ። ወደ ቤቱ ግን አልተመለሰም፤
አሁን አውራጃው ከተማ፣ ከአረጋውያን ጋር ነው፣
ካርኒው ባርኔጣው ውስጥ።

ጎጆው ዛሬ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤
የማዘጋጃ ቤት ንብረት ግብር አይከፍልም።
በሒሳቤ ከሄድን፣ አምፖሉ መብራት አልነበረበትም።
ማታ ቢሮ ዘግቼ ስወጣ አየሁት፤ በርቷል።
የማን ድርሻ እንደሆነ ላካፍል ጀመርኩና
ብርዱ ጣቴን ሲቆረጥመኝ ተውኩት፤
በሥሩ አልፌ ወደ ቤቴ ገባሁ።