ሁለተኛው ሰዓት

ራሺድ አዲስ ገዛ፣ አሮጌውን ጣለ፤
ከቅርጫት አወጣሁት፣ ማሰሪያው ቢበጠስ ልቡ ግን አለ።
ሲያየኝ “ውሰጅው” አለ፣ “የጠላቂ ነው፤ ሁለት መቶ ሜትር ባሕር ውስጥ ይገባል።”
እኔ እጅ ከገባ፣ ከዓሣ መጥበሻ ጋር፣ እስከ ክርኔ ድረስ ሳሙና ይጠልቃል።
በጥቁር ክር ሰፋሁት፣ ድርብርብ አድርጌ፤
እንደ ክታብ አሰርኩት፣ እጅጌ ውስጥ ሸሽጌ።

ቆጣሪ አለው ደግሞ፤ ለሯጭ የሠሩት፤
እኔ ለሩዝ አዋልኩት።
ዐሥራ ስምንት ደቂቃ፣ ከዚያ ጢጥ ጢጥ ጢጥ፤
ማዳም “ሉባባ!” ሳትል ምድጃው ዘንድ ልሮጥ።
(ሯጭ ያው ሯጭ ነው፤ ሜዳው ነው የጠበበው።)

ከፍታም ያነባል፣ አየሩን አሽትቶ።
ሙሐረቅ ደሴት ናት፣ ዝርግ እንደ ትሪ፤ “ሦስት” ይለኛል፣ ሲበዛ “አራት”፣ ያውም አመንትቶ።
የተወለድኩበት ለጋምቦ፣ ደመናው ከደጅ በታች ነው የሚያድረው፤
ይህን ለሰዓቱ ማን ይንገረው?

አንድ የሐምሌ ቀን ግን፣ አቧራው ተነሥቶ፣ ሰማዩ ጠይሞ፣
ማጠቢያው ፊት ለፊት፣ እግሬ አንድ ስንዝር ሳይላወስ ቆሞ፣
“መቶ ሠላሳ” አለኝ።
ራሺድን ብጠይቅ፣ “ግፊቱ ሲቀንስ ሽቅብ የወጣ ይመስለዋል፤
አየር ነው፣ አትመኚው” ይለኛል።
አላመንኩም። ደስ ግን አለኝ።
ቆሜ ወጣሁ እኮ! መቶ ሠላሳ ሜትር፣ ሳህን እንደያዝኩኝ፤
ሲመሽ አቧራው ረጋ፣ በዝምታ ወረድኩኝ።

ሁለተኛ ሰዓት የሚባል ነገር አለው፣ የሌላ አገር ጊዜ የሚሞላበት፤
ናይሮቢን መረጥኩ፣ ለኛ ቅርብ ናት ብዬ። ከባሕሬኑ ጋር እኩል ሆነ፤ ምን ልሥራበት?
እናቴ “አንድ ሰዓት” የምትለውን፣ እዚህ “ሰባት” ነው የሚሉት።
ስድስት መቀነሱ አያቅተኝም፤ መቀነስ ነው የሰለቸኝ።
ከተማ በከተማ እየገለበጥኩ ሄድኩ፤ ዳካ፣ ካይሮ፣ ለንደን፤ ሪዮ ላይ ገጠመኝ።
ሪዮ የት እንደሆነች አላውቅም። ኳስ የሚወዱ ናቸው መሰለኝ።
እነሱ ተኝተው፣ ሌሊታቸው ሲጋመስ፣
አንድ ሰዓት ይላል፤ ለጋምቦ ነው የነጋው፣ ፀሐይ የእናቴ ደጅ ሲደርስ።

ባትሪ የለውም፤ ፀሐይ ነው ቀለቡ።
ጓዳ ስውል ውሎ፣ በአራተኛው ወር ደበዘዘ ፊቱ፣ ቁጥሮቹ ተራቡ።
“የውጪ ሰዓት ነው” አለ ራሺድ፣ “ውስጥ መኖር አይችልም፤ አውጪው።”
እኔስ? አላልኩትም።
ከዚያ ወዲህ ሰገነት ላይ፣ ልብስ ሳሰጣ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ
ክንዴን እዘረጋለሁ፤ እንደ ላም አስግጠዋለሁ፣ በቀስታ፣ በሐሳቤ።
ማዳም ከታች ስትጣራ፣ “ምነው ቆየሽ?” ስትል፣
“አልደረቀም” እላለሁ። ያልጠገበው ሌላ ነው።

ትናንት አመሻሽ ላይ አውሮፕላን ተነሣ፤ ማረፊያው ጎረቤት ነው፣ ጣሪያ እስኪንቀጠቀጥ።
ቆጣሪውን ተጫንኩ፤ መብራቱ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ አቧራው ውስጥ እስኪሰምጥ
አንድ ደቂቃ ከአርባ።
ኮምፓሱን ጠየቅሁት፦ ሰሜን ነው የሄደው።
የኔ በዚያ አይደለም፤ በደቡብ ምዕራብ ነው።
ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለስኩት።
የራሺድ ካልሲዎች ቀርተውኝ ነበረ፤ አንዱን ግን አጣሁት።