እጅ ቆጣሪ

ሚያዝያ አጋማሽ፣ እሑድ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣
አወይቱ ከድልድዩ ሥር ጭቃውን ሲያንከባልል፣
በሙዘይን ግቢ፣ በርጩማ ከሚጠርብበት ጥግ፣
መቶ ሠላሳ ዘጠኝ፣ እማወራ አባወራ፣ ተቀመጥን እንደ ወግ፤
ግማሹ ባልተላገ ግንድ፣ ግማሹ ባለሦስት እግር ላይ፣
አንዳንዱም ጃንጥላ አቅፎ፣ እያየ ወደ ሰማይ።

እኔ ጠመኔ ይዣለሁ። ቆጣሪ ያደረጉኝ
ሂሳብ ስለማስተምር ነው እንጂ ስለሚያምኑኝ
አይመስለኝም።

ካቻምና ወኪል ነበረን፤ ሽኩር ይባላል፤
ሲናገር ውሃ ይቆማል።
«ስለ ግንቡ ንገርልን» ብለን ወደ ማዘጋጃው ላክነው፣
በጭብጨባ መርጠን፣ የባጃጁን አዋጥተን ሸኘነው።
ሄደ። በሁለተኛው ወር «እናንተ» ይለን ጀመር፤
በአራተኛው «ሕዝቡ»፤
በስድስተኛው ስልኩ አይሠራም ነበር።

ስለዚህ «ወኪል በቃን» ተባለ። «አፋችንን አናውስም ለሰው፤
የራሳችንን እጅ ራሳችን እናንሣው!»
ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ክፍልፋይ የሌለበት ቁጥር፤
ከባለወፍጮው እስከ ዘበኛው፣ እያንዳንዱ አንድ፣ ጥርት ያለ ድምር።

ጉዳዩ ግንብ ነው። የተዋጣው ብር
የሚበቃው ለአንድ ዳር።
ወይ በእኛ በኩል ይሠራል፣ ወይ በማዶ፤
ወንዝ ሲከለከል ደግሞ ይገባል የሌላውን አጥር ንዶ።
በእኛ በኩል መቶ ሠላሳ አንድ ቤት፤
በማዶ ዘጠኝ፣ ጎደሬ የበቀለበት ረግረግ መሬት።

«በእኛ በኩል ይሁን የሚል?»
እጅ በቀለ፤ እንደ ሸንኮራ ማሳ፣ ባንድ ነፋስ ዘንበል።
በጠመኔ አምስት አምስቱን እየሰረዝኩ፣
መቶ ሠላሳ አንድ። ሁለቴ ቆጠርኩ።

«የሚቃወም?»
ሰባት እጅ፤ ቀስ ብለው፣ ሳይጣደፉም።
ከኋላ አባ ፊጣ ተነሡ፤ ምርኩዛቸውን ለጎረቤት ሰጥተው
ሁለቱንም እጃቸውን ሽቅብ ዘረጉ፣ ጋቢያቸውን ገልጠው።

«አባቴ፣ ለአንድ ሰው አንድ እጅ ነው።»
«አንዱ የእኔ ነው። ይኼኛው የሙኒራ ነው፤
አራስ ናት፤ አርባዋ አልሞላም፤ እጇን አደራ ብላኛለች።»
ከፊት አንዲት ሴት ሳቀች።
«ወኪል አንፈልግም አልን እኮ!» አለ አንዱ። ትክክል ነው።
ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ሕጉ ሕግ ነው።

ሰኞ ክፍል ገብቼ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣
መቶ ሠላሳ አንድ ሲቀነስ ስምንት ብዬ ጻፍኩ ለማሟሟቂያ።
ናስር፣ የሙኒራ ትልቁ፣ እጁን አወጣ፤
አወረደ፤ ደግሞ አወጣ።
«ቲቸር፣ እኛ ግን ዘጠኝ ነን።»

ግንቡ በሰኔ አለቀ። ያምራል፤ ልጆች ይቀመጡበታል፤
በርጩማ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ፎቶ ይነሣበታል።
ነሐሴ አሥራ አንድ ሌሊት ውሃው መጣና ድንጋይ አገኘ፤
ጥቂት አንገራገረና የማዶውን አፈር ተመኘ።
የሞተ የለም። ይህን የምለው እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነው።
የሙኒራ ግድግዳ ጭቃ ነበር፤ ጭቃነቱን አስታውሶ ሄደ።
ያቺን ጨቅላ በሳፋ፣ በራስ ላይ አሻገሯት፤
አባ ፊጣ ከፊት፣ ውሃው እስከ ደረት።

መስከረም ዳግመኛ ተሰበሰብን። አንገት ተደፋ።
አንዱ ተነሣ፤ «ለማዶዎቹ ወኪል እንምረጥላቸው፤ ድምፃቸው አይጥፋ!»
መቶ ሠላሳ አንድ እጅ ወጣ። ዘጠኙ ዝም ብለው አዩን፣
ለእነሱ ስንመርጥ፣ ለእነሱ ስናስብ፣ እነሱን ስንሆን።

አባ ፊጣ ወደ እኔ ዞሩ፤
እንደ ተቆጣ አልተናገሩ፤
«ልከነው ሽኩር ረሳን፤ ሳንልክ እናንተ ረሳችሁን።
የቱ ይቀላል? አንተ ሂሳብ አዋቂ፣ ቁጠርና ንገረን።»

አልነገርኳቸውም። ይህን ብቻ ልናዘዝ፤
ከመቶ ሠላሳ አንዱ አንዱ የእኔ ነበር፤
ጠመኔ የያዘው እጄ። ሳነሣው
ሁሉም ለመቁጠር መስሎት ነበር።
ዘንድሮም ዘነበ። ደረቅ ነው በሬ።