ውርጭ የቀደመው ወይን

ደበሌ ወይኑን ሳይለቅም ኅዳር አለቀበት፤
«ነገ» ሲል፣ «ከነገ ወዲያ» ሲል፣
የሱሉልታ ውርጭ ቀደመው አንድ ሌሊት።

ጠዋት ፍሬው ከአጥሩ ቆርቆሮ ጋር
እንደ ጠጠር ይንኳኳል።
«ዘንድሮስ ኮምጣጤም አይወጣው!»
አለች ጎረቤት፣ ከት ብላ።
እሱ ዝም። ጣቱ እስኪደነዝዝ ለቀመ፤
ፀሐይ ሳትደርስበት ጨመቀው፣
በነጠላዬ!
ከባልዲ ሙሉ ፍሬ፣ ጠብ... ጠብ...
አንዲት የመድኃኒት ጠርሙስ።
ስንት ወር ተኳረፍን።

ዓመቱ ዞሮ፣ ጣሪያው በብርድ ሲንጣጣ፣
ጠርሙሷን ከአልጋ ሥር አወጣ።

ቀመስኩ።
ማር አይሉት፣ ጠጅ አይሉት፤
«ልሂድ» እያለ ደጃፍ ላይ
ወሬ እንደሚያበዛ እንግዳ
ምላሴ ላይ ቆመ።

የነጠላዬ እድፍ ዛሬም አልለቀቀም።
«ድገመኝ» አልኩት።