ጅማት

በፓራቾ ከተማ፣ በሜክሲኮ ደጋ፣
ሁሉም እንጨት ይልጋል፤ እኔ እቆርጣለሁ ሥጋ።
ጎረቤቴ ጊታር፣ ፊት ለፊቴ ጊታር፣
የአናጢ ልጅ ሁሉ አፉን ሳይፈታ ለመናገር
ሰጋቱራ ለብሶ ክር ሲወጥር ያድር።

የእኔ ድርሻ አጥንት ነው።
የበሬ ቅልጥም ቀቅዬ፣ ስቡን ፍቄ፣
ጣራ ላይ በፀሐይ አድርቄ
ለሠሪዎች እሸጣለሁ።
አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ የሚያርፍባት ያቺ ነጭ ድልድይ
ከእኔ በሬ እግር ናት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከተማው ሲዘፍን በእኔ አጥንት ላይ ነበር፤
እኔ ግን አንድ ቀን ክር ነክቼ አላውቅም።

ኤልፒዲዮ ዕዳ አለበት፦ የአራት ወር ጎድን፣ የፋሲካ ጭቅና።
«ገንዘብስ የለኝም፤ ይህን ጊታር ውሰድና
እንታረቅ» አለ። «ጀርባው ጉጥ አለበት፣ እንግዳ አይገዛውም።»
«ማን ያስተምረኛል?»
«የልጅ ልጄ» አለ፣ ቀና ብሎም አላየኝም።

ጺጺኪ። አሥራ አንድ ዓመቷ። የአንድ እግሯ ካልሲ ከሌላው አይገጥምም።
ጨው ሣጥን ላይ ወጥታ እንደ ዳኛ ተቀመጠች፤
«ሚ ሚነር» አለችኝ፤ «ሁለት ጣት ይበቃል።
ጫፉን ያቁሙና ይጫኑት፣ ይሰማል።»
ተጫንሁት። ጢዝ አለ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ገባ ዝንብ።
ቀኝ እጄ ቢላ ያውቃል፣ መዳፉ ቀንድ ሆኗል፤
ግራዬ ሥጋ ደግፎ የኖረ ነው፣ ስብ ያለሰለሰው፣
ክሩ እንደ አይብ ገባበት።
ጅማት ስበጥስ ነው ዕድሜዬን የጨረስሁ፤
ስድስት ጅማት ዛሬ በተራው በጠሰኝ፤ እጄን አቅፌ አደርሁ።

ሳምንት በሳምንት ላይ። ላ ሚነር ገባችኝ።
ዶ «ዘርጋ በል» አለችኝ፣ እንደ በግ ቆዳ ተዘረጋሁ።
ችግሩ መሻገሩ ነው፤
ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ጣቶቼ እስኪደርሱ
ደንበኛ ይገባል፣ ግማሽ ኪሎ ጉበት ያስመዝናል፣
ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ከፍሎ ይወጣል።

ከዚያ ፋ መጣች።
«አመልካች ጣት እንደ መቀርቀሪያ ትተኛለች፤
የቀለበት ጣት ደግሞ…» አለችና ቆመች።
ጫፉ የለም። ዘጠኝ ዓመቱ።
የወሰደው መጋዝ ነው፣ ስቆርጥ አንዲት ጥጃ፤
ከማን ሥጋ ጋራ እንደተጠቀለለ እንጃ።

«ተይው» አልኋት፣ «ይቅር፤ እጄ ነው የከፋ፤
ሙሉ ጣት ላለው ሰው ትሁንለት ይህቺ ፋ።»
መልስም አልሰጠችኝ።
ሦስት ቀን ከመንገዱ ኮቴዋ ጠፋ።

በአራተኛው መጣች፣
የራሷን የቀለበት ጣት አጥፋ
በፀጉር ሪባኗ ከመዳፏ ጋር አስራ።
«ያማል» አለች፤ «ግን ይቻላል።
ትንሿን ጣት ይላኳት፣ በእሱ ፈንታ ትሂድ።»
(አያቷ ኋላ ነገረኝ፦ ሦስቱንም ቀን እንደዚያው ታስራ ውላለች፣
ብርጭቆ ሰብራለች፣ ስትጠየቅም ምክንያቱን አልተናገረች።)

ላክኋት። እንደ አዲስ ተላላኪ በሩን ሳተች፣
የጎረቤት አንኳኳች፣ አፍራ ተመለሰች፣
ደግሞ ሄደች።
አንዱ ክር ጢዝ አለ፤ ሁለቱ ዝም አሉ፤
አራተኛው ጠራ።

ደጃፉ ላይ ቅርጫት ያንጠለጠሉት ዶኛ ኦብዱሊያ
«ቢላ ስትስል ይሻላል» አሉ፣
ግን ጉበታቸውን ሳይጠይቁ ጥቂት ቆሙ።

ጺጺኪ ሪባኗን ፈታች፤ ጣቷ ላይ ቀይ መስመር።
በእኔም ጫፎች ላይ አለ የክሩ ሰንበር፣
በሦስት ጣት ተኩል፣ በትክክል ሲቆጠር።
«እንደገና» አለች፤ «እስኪ ከዶ እንጀምር።»