ቀይና ነጭ ቆርኪ

ከፖስታ ቤት አጥር ሥር፣ ካርቶን ላይ ዳማ በከሰል ተሰምሮ፣
ዘውገ ነጩን ቆርኪ፣ እንድሪስ ቀዩን ከፊቱ ደርድሮ፣
እኔም የሊስትሮ ሣጥኔን ገፋ አድርጌ፣ ቁጢጥ ብዬ ከመሃል፤
የሐምሌ ሰማይ ቸርችልን ቁልቁል እያየ ያጉረመርማል።

«ይህ እኮ» ይላል ዘውገ፣ «ዳማ አይደለም፤ ጠባብ ባሕር፣
ሠላሳ ዓመት ማኅተም ስመታ ያየሁት፣ በአንዲት ቴምብር።
ጥፍር የምታክል ወረቀት፣ ሺህ ጀልባ የጫነች፣
ከጃፓን ተነሥታ ካዛንቺስ፣ ለማትገኝ ሴት የመጣች።
ደብዳቤው ወደ ላኪው ተመለሰ፤
ጦርነቱ ግን እኔ ጋ ቀረ፤ እስከ ጡረታዬ ደረሰ።

ቀይ ዓርማ የታይራ ቤት፣ ነጭ የሚናሞቶ፣
አምስት ዓመት ተራረደ፣ አንድ ዙፋን ሽቶ።
በመጨረሻዋ ጠዋት፣ ውሃው ያንተን ጀልባ ገፋ።»
እንድሪስ ሁለት ነጭ በላ፤ ደረቱን እንደ ሸራ ነፋ።

«ቀትር ላይ ግን ውሃው ዞረ፤ እያሳሳቀ ወሰደ።
ከቀዮቹም አንድ አለቃ የገዛ ዓርማውን አወረደ፤
ነጭ ሰቅሎ፣ ንጉሡ ያለበትን ጀልባ በጣቱ ጠቆመ።
ንጉሡ? የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ። ሰጠመ።»

«ቀዛፊዎቹስ?» አልኩ።

ዘውገ አንዲት ቆርኪ አነሣ፤ መልሶ አስቀመጣት።
«እነሱ ቀስት አልነበራቸውም፤ መቅዘፊያ ብቻ።
መጀመሪያ የተወጉት ግን እነሱ ናቸው፣
ጀልባው መሪ እንዲያጣ።
ቴምብሩ ላይም የሉ።»

ከፒያሳ የተነሣው ጎርፍ ለገሃርን ሊያይ ቸኮለ፤
ካርቶኑን ከነጦሩ ጠቅልሎ፣ ቀይ ነጭ ሳይል ኮበለለ።
«አሸንፌህ ነበር!» ይላል ዘውገ።
«የት አባክ! ሁለት በልቼ?»
ደረጃው ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ፣
አንድ ፌስታል ለሁለት ተከናንበው።

ማታ፣ ሲያባራ፣ ከቱቦው አፍ ዐሥራ አንድ ቆርኪ ለቀምኩ።
ጥርሳቸው ተጣሟል፤ ቀለማቸው ተፍቋል፤
የማን ወገን እንደነበሩ እንጃ።
አንዱን ጎቤቦ አልኩት፣ አብሮኝ ብሩሽ ይዞ በነበረው፣
ሰፈሩ ሲፈርስ የት እንደገባ በማላውቀው።
አንዱን ዳርጌ። አንዱን መርዕድ።
የቀሩት ስምንቱ ኪሴ ውስጥ ናቸው፤
ስራመድ ይንሿሿሉ።